20 በመቶ፣ ግን የምኑ?

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ቋሚ ሥራ አስኪያጅ እንዲፈልግልኝ አንድ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ባነጋግር «ክፍያችን 20 በመቶ ነው» አለኝ። አልበዛም?

መልስ፦ እንግሊዝ አገር ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ክፍያ እንዳይቀበል በ1973 በወጣ ሕግ ተከልክሏል፤ ከዚህ የሚወጡት እንደ ሞዴልነትና መዝናኛ ያሉ ጥቂት ዘርፎች ናቸው። ስለዚህ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ የቀጣሪው ነው። በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ የለውም። ለተለመዱ ቋሚ ሥራዎች ከ15 እስከ 25 በመቶ ስለሚጠየቅ 20 ከገበያው አልወጣም። መጠየቅ ያለብዎት የምኑ 20 በመቶ እንደሆነ ነው።

ደሞዙ በዓመት 32,000 ፓውንድ ነው እንበል። በመነሻ ደሞዝ ብቻ ከታሰበ 6,400 ይከፍላሉ። ውሉ «የአንደኛው ዓመት ጠቅላላ ገቢ» ካለ ግን 2,000 ቦነስና 4,000 የመኪና አበል ተደምረው 38,000 ላይ ይሰላል፤ 7,600 ይሆናል። 20 በመቶ ቫት ሲጨመር የመጀመሪያው 7,680፣ ሁለተኛው 9,120 ይደርሳል። ብዙ ነጋዴ ይህን ቫት ከመንግሥት ያስመልሳል። ፈቃድ ያለው የእንክብካቤ አገልግሎት ግን ከቫት ነጻ ስለሆነ እርስዎ የከፈሉትን አያስመልሱም። ኪስዎ እንደ ጎደለ ይቀራል።

ብዙ ቀጣሪዎች 20ውን ወደ 18 አስወርደው ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ። የ38,000 18 በመቶ 6,840 ነው፤ የ32,000 20 በመቶ ደግሞ 6,400። መቶኛውን ትተው «በመነሻ ደሞዝ ብቻ» የሚለውን ያስጽፉ። ቅናሽ ከፈለጉም ሥራውን ለአራት ሳምንት ለእነሱ ብቻ እንደሚሰጡ ይንገሯቸው። ለአምስት ኤጀንሲ የተበተነ ሥራ ላይ የሚከፈለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ማናቸውም ከልባቸው አይፈልጉልዎትም።

ቀጥሎ የተመላሽ አንቀጹን ያንብቡ። ሠራተኛው ቶሎ ከለቀቀ የሚመለሰው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ እየቀነሰ ሄዶ ያልቃል። ሰው የሚያልፈው ግን ከሥር ያለችውን ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ኢንቮይሱ በተባለው ቀን ካልተከፈለ ተመላሽ የማግኘት መብትዎ ይጠፋል። የሒሳብ ሠራተኛዎ ሦስት ቀን ካዘገየው፣ ሥራ አስኪያጁ በሁለተኛው ሳምንት ቢሄድ እንኳ ኤጀንሲው «ውሉን እዩት» ሊል ነው። የሚመለሰው ጥሬ ገንዘብ ይሁን ምትክ ሰው ብቻ፣ እሱም ተለይቶ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ አንድ ኤጀንሲ ሳልጠይቀው ሲቪ ላከልኝ። ሰውየው ከዚያ በፊት በራሱ አመልክቶ ነበር። ብቀጥረው ልከፍል ነው?

መልስ፦ ዝም ካሉ ኤጀንሲው ክፍያ ሊጠይቅዎት ይችላል። የብዙ ኤጀንሲዎች ውል «እጩውን ቃለ መጠይቅ ማድረግ ውሉን እንደ መቀበል ይቆጠራል» ይላል፤ ሲቪው ከተላከ በኋላም ለ6 ወይም ለ12 ወር «እኛ ነን ያስተዋወቅነው» ባይ ናቸው። ሲቪው በገባበት ቀን፣ ማመልከቻው መቼ እንደደረሰዎት ጠቅሰው በኢሜይል መልስ ይስጡ። ማመልከቻውንም አይሰርዙት።

ጥያቄ፦ በኤጀንሲ በኩል ለጊዜው የመጣች ሠራተኛ ወደድናት። ቋሚ ብናደርጋት ለኤጀንሲው ክፍያ አለበት?

መልስ፦ እንግሊዝ ውስጥ ከሆኑ የሥራ ኤጀንሲዎችን አሠራር የሚወስነው የ2003ቱ ደንብ ገደብ አበጅቷል። ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ሥራ ከጀመረችበት ቀን 14 ሳምንት፣ ካቆመችበት ማግስት ደግሞ 8 ሳምንት። ከሁለቱ ዘግይቶ የሚያበቃው ካለፈ በኋላ ከቀጠሯት ኤጀንሲው የማዛወሪያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ለምሳሌ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 ጀምራ ፌብሩዋሪ 28 ካቆመች 14ቱ ሳምንት ኤፕሪል 13፣ 8ቱ ደግሞ ኤፕሪል 25 ያበቃል። ስለዚህ ከኤፕሪል 26 ወዲህ ነጻ ነዎት። ካልቸኮሉ ሌላም መንገድ አለ፦ ክፍያ የሚጠይቅ ኤጀንሲ በምትኩ ለተወሰነ ጊዜ በእሱ በኩል እንድትቀጥል የሚያደርግ አማራጭ በውሉ ማቅረብ ግዴታው ነው። ያ አማራጭ ውሉ ውስጥ ከሌለ ክፍያውን ሊያስከፍልዎት አይችልም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሒሳብ ሹም በ40,000 ብር ልቀጥር ነው። አንዱ ኤጀንሲ «የአንድ ወር ደሞዝ»፣ ሌላው «15 በመቶ» አሉኝ። 15ቱ አይረክስም?

መልስ፦ የወር ከሆነ ይረክሳል፤ የዓመት ከሆነ ግን ይወደዳል። የአንድ ወሩ ከ15 በመቶ ቫት ጋር 46,000 ብር ነው። የዓመቱ 480,000 ደግሞ 15 በመቶው 72,000፣ ከነቫቱ 82,800 ይሆናል። ከሠራተኛውም እንደማይቀበሉ አስቀድመው ይጠይቁ። ከሁለቱም ወገን መቀበል የሰፈር ደላላ ልማድ ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ግን ሠራተኛው እንዳይከፍል ነው የሚለው።

ዋስትናውንም፣ ማለትም ሠራተኛው ቶሎ ቢለቅ ኤጀንሲው ገንዘብ የሚመልስበትን ወይም ምትክ የሚያመጣበትን ጊዜ፣ ከሙከራ ጊዜው ጋር ያመሳክሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ መሥሪያ ቤት 10 ሳምንት፣ አምስት ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት። የአንድ ወር ዋስትና የሚሰጥ ኤጀንሲ ሹሙን ገና እየፈተኑት ሳለ ከኃላፊነት ይወጣል። ቢያንስ ሦስት ወር ይጠይቁ፤ የሙከራ ጊዜውንም ከሠራተኛው ጋር በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ በቃል የተባለ ሙከራ በሕግ አይቆጠርም።