የሳንባ ሕመምተኛ ተኝቶ ሳለ ሲያንዘፈዝፈው፦ ጥያቄና መልስ

ጅማ ዋርድና ድንገተኛ ክፍል ለምትሠሩ ክፍት ነው። የሚመልሱት ክሊኒካል ፋርማሲስት ናቸው።

ነርስ (ሜዲካል ዋርድ)፦ መምህር፣ አሚኖፊሊን (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) የተንጠለጠለለት የሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ) ታካሚ አንዘፈዘፈው። መንዘፍዘፍ የሚያስቆመውን ፌኒቶይን ሰጠነው፣ አላቆመም።

መልስ፦ ሲስተር፣ መጀመሪያ ስኳሩና ኦክስጅኑ ይለካ፤ ቀጥሎ የመድኃኒት ካርዱ ይታይ። አሚኖፊሊን በሰውነት ውስጥ ቲዮፊሊን ነው የሚሆነው፤ ቤቱ ቲዮፊሊን ኪኒን ይወስድ ነበር? ከወሰደ ሙሉ የመነሻ ዶዝ አይሰጠውም። ለማይወስድ 5 ሚ.ግ በኪሎ፣ በ20–30 ደቂቃ ይንጠባጠባል። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 300 ሚ.ግ፣ 25 ሚ.ግ በሚ.ሊ ከሆነው አምፑል 12 ሚ.ሊ ማለት ነው። በመርፌ በአንዴ ገፍቶ መስጠት ልብንም ያዛባል። ልቡ ወይም ጉበቱ ለደከመ ማስቀጠያው ዶዝ ይቀነሳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና ሲሜቲዲን መጠኑን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋሉ። ብዙዎች የሚረሱት ሲጋራውን ነው፦ አጫሽ ሆስፒታል ገብቶ ሲያቆም መድኃኒቱን የሚያስወግደው ኢንዛይም ይቀዘቅዛል፤ ዶዙ ሳይነካ መጠኑ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ማስታወክና የልብ ምት መፍጠን ሳይቀድሙም ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ድሪፑን ዝጉ፤ ዳያዜፓም 10 ሚ.ግ ቀስ ብሎ በደም ሥር፣ አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው) አጠገባችሁ ሆኖ። ካልቆመ ፌኖባርቢታል። ፌኒቶይን እዚህ ደካማ ነው።

ተማሪ፦ ሲዠር (መንዘፍዘፉ) በሳንባ ሕመምተኛ ላይ ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የየትኛው ሕመምተኛ? ስኳር፣ ሶዲየም፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የሚወስደው መድኃኒት፤ እነዚህን ሳትጽፍ አትጠይቀኝ።

ጤና መኮንን፦ የቲቢ ታካሚ ኪኒኑን በብዛት ውጦ መጣ። ዳያዜፓም ደጋግመን ሰጠን፣ መንዘፍዘፉ አላቆመም።

መልስ፦ የቲቢው መድኃኒት አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6ን ያሟጥጣል፤ አንጎልን የሚያረጋጋው ኬሚካል፣ ጋባ፣ የሚመረተው በቢ6 ነው፤ ዳያዜፓም ደግሞ የሚሠራው ባለው ጋባ ላይ ነው። ጋባ በሌለበት ብቻውን ምን ያድርግ? መድኃኒቱ ፒሪዶክሲን (ራሱ ቢ6) ነው፣ ግራም በግራም። ባዶውን ስትሪፕ አስመጡና ቁጠሩ፦ አራቱ የቲቢ መድኃኒቶች ከተቀላቀሉበት ኪኒን አንዱ 75 ሚ.ግ አይሶናያዚድ አለው፤ 40 ኪኒን ከሆነ 3 ግራም፣ ፒሪዶክሲኑም 3 ግራም። የዋጠው ካልታወቀ ለአዋቂ 5 ግራም። የመርፌው ከጠፋ ኪኒኑን ፈጭታችሁ በአፍንጫ ቱቦ ስጡ፤ 5 ግራም ማለት ባለ 50 ሚ.ግ 100 ፍሬ ነው፣ ፋርማሲውን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ዳያዜፓሙን አታቋርጡ፤ ከቢ6 ጋር ይረዳል። በመደበኛ ዶዝም ኩላሊቱ ለደከመ፣ ለጠጪ፣ ለነፍሰ ጡር በየቀኑ ከ25–50 ሚ.ግ ቢ6 ይታዘዝ። ሌላውን የቲቢ መድኃኒት ሳይክሎሰሪንን ለሚወስድ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።

ነርስ (ድንገተኛ)፦ ጫትስ? እዚህ ጅማ ሁሉም ይቅማል።

ላብ ቴክኒሺያን፦ ጫት ሳይሆን ቡናው ነው። ካፌይንና ቲዮፊሊን ወንድማማቾች ናቸው።

ነርስ (ድንገተኛ)፦ በሦስት ሲኒ ቡና ማን ወደቀ?

ላብ ቴክኒሺያን፦ ሲፕሮ ሲጨመርበት ካፌይኑም ይጠራቀማል እያልኩ ነው።

መልስ፦ የላቦራቶሪው ሰው ልክ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ጥፋተኛ ሲኒው አይደለም። ስለ ቡናው ከመከራከራችሁ በፊት ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) እና አረቄ ይወስድ እንደሆነ ጠይቁ። አረቄ አዘውትሮ ጠጥቶ በድንገት ያቆመ ሰው ከ6–48 ሰዓት ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ካርዱንም እዩ፣ ካርዱን!

ነርስ (ሜዲካል ዋርድ)፦ አስታማሚዎች ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል።

መልስ፦ ኦክስጅን በተከፈተበት አልጋ ላይ? ወዲያው አስቁሟቸው፤ ማስኩም ፊቱም ይቃጠላል። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይግባ።

ጤና መኮንን፦ ሶዲየሙ 112 ነው፣ ከባድ የሳንባ ምች ነው፣ እየተንዘፈዘፈ ነው።

መልስ፦ 3% ሳላይን 100–150 ሚ.ሊ በ10–20 ደቂቃ፤ ካልቆመ ይደገም። ሶዲየሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8–10 በላይ አይጨምር፤ በፍጥነት ከፍ ካለ አንጎል ይጎዳል። የሳንባ ምችም ቲቢም የሳንባ ካንሰርም ሰውነት ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ኖርማል ሳላይን ማፍሰስ ሊያባብሰው ይችላል።

ተማሪ፦ ኢኢጂና ሲቲስ (የአንጎል ሞገድና የራስ ምስል ምርመራ) መቼ ይታዘዛል?

መልስ፦ እሱን ለኒውሮሎጂ (ለአንጎልና ነርቭ ሐኪሞች) ተውላቸው። ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ ወይም ኤችአይቪ ካለበት ግን ማጅራት ገትርን አስቡ።

ተማሪ፦ ፌኒቶይን ለምን አልሠራም ነበር?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። በግሉኮስ እንዳትበጠብጠው ደግሞ፣ ይረጋል፤ በኖርማል ሳላይን ብቻ።