ሲይዙን እስከ የት ይፈትሹናል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተላኩና የፖሊስ ፍተሻን የሚመለከቱ ስለሆኑ ዓምዱን ዛሬ ለእነርሱ ለቅቄያለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የታክሲ አሽከርካሪ፣ ፖሊስ አስቁሞ «ውረድ» ሲላቸው ምክንያቱ ካልተነገረኝ አልወርድም ማለት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይችሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሽከርካሪውን በሚመለከት በ1977፣ ተሳፋሪውን በሚመለከት በ1997 ወስኖ ጨርሶታል።

በታገደ መንጃ ፈቃድ ሲነዱ የተያዙ አንባቢ፣ ፖሊሱ ኪሳቸውን በርብሮ የሲጋራ ፓኬታቸውን ሳይቀር ከፍቶ እንዳየ ጽፈው «መንጃ ፈቃድ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ይደበቃል ወይ?» ይላሉ።

ክርክርዎ ያስቃል፤ ያስኬዳልም፤ ነገር ግን ቀደም ብሎ ተሞክሮ የተሸነፈ ነው። እዚሁ ዲሲ ውስጥ መንጃ ፈቃዱ ተሰርዞበት ሲነዳ የተያዘ ሰው ኪሱ ውስጥ በነበረ የተጨማደደ የሲጋራ ፓኬት ሄሮይን ተገኝቶበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ፍተሻው ሕጋዊ ነው ብሏል። ፖሊስ ሰውን ለማሰር አሳማኝ ምክንያት፣ ማለትም ወንጀል መፈጸሙን የሚያሳምን ተጨባጭ ነገር፣ ያስፈልገዋል፤ እስሩ ሕጋዊ ከሆነ ግን የታሳሪውን ገላና ኪስ ለመፈተሽ ተጨማሪ ምክንያት አይጠየቅም። ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ ታሳሪው መሣሪያ እንዳያወጣና ማስረጃ እንዳያጠፋ የሚል ነው።

ገደቡም ከዚያው ማብራሪያ ይመነጫል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሊሶች የሳንቲም መሸጫ ሱቅ ሰብሮ ሰርቋል የተባለን ሰው ቤቱ ውስጥ ይዘው ቤቱን በሙሉ ስለበረበሩ፣ ፍርድ ቤቱ በ1969 ፍተሻው ከታሳሪው አካልና እጁ ሊደርስበት ከሚችለው ቦታ ማለፍ የለበትም ሲል ወሰነ። በ2009 የተወሰነው ጉዳይ ደግሞ ልክ እንደ እርስዎ በታገደ መንጃ ፈቃድ ስለተያዘ የአሪዞና ነዋሪ ነው። ሰውየው በካቴና ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የራሱ መኪና ተፈተሸ፤ ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለውም፤ ታሳሪው መኪናው ላይ መድረስ አይችልም፣ ለታሰረበት ጥፋት ማስረጃ የሚሆን ነገርም መኪናው ውስጥ አይጠበቅምና። ስለዚህ ከታሰሩ በኋላ መኪናዎ ተፈትሾ ከሆነ ይህንኑ ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ መኪናው ተጎትቶ የተወሰደ ከሆነ ግን ለንብረት ቆጠራ ተብሎ ሊፈተሽ እንደሚችል ይወቁ።

አንድ ተማሪ በጥርጣሬና በአሳማኝ ምክንያት መካከል ያለውን ልዩነት «በመቶኛ» እንድገልጽለት ጠይቆኛል።

በመቶኛ አልገልጽልህም፤ ዳኞቹም እምቢ ብለዋል። ምክንያታዊ ጥርጣሬ፣ ማለትም ፖሊሱ በቃል ሊያስረዳው የሚችለው ነገር፣ ለአጭር ጊዜ ለማስቆም ይበቃል፤ ሰውየው መሣሪያ ይዟል ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት ካለው ደግሞ ከ1968 ጀምሮ ልብስን ከላይ መዳበስ ይፈቀድለታል። አሳማኝ ምክንያት ከዚህ የጠነከረ ሲሆን፣ ወንጀል መፈጸሙን አስተዋይ ሰው እንዲያምን የሚያደርጉ ተጨባጭ ሁኔታዎችን ይጠይቃል፤ በፍርድ ለማስቀጣት ከሚያስፈልገው ማስረጃ ግን እጅግ ያንሳል። ሜሪላንድ ውስጥ ሦስት ሰዎች በነበሩበት መኪና ኮኬይን ተገኝቶ ማንም የእኔ ነው ባለማለቱ ሦስቱም ታሰሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2003 የአንደኛውን ክርክር ሰምቶ እስሩ አሳማኝ ምክንያት ነበረው አለ። የማን መኪና ውስጥ እንደምትገባ አስብበት።

ስልኬንስ?

ይዘው ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ውስጡን ለማየት ግን በ2014 በዳኞቹ ሙሉ ድምፅ እንደተወሰነው፣ አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋቸዋል። ከውጭ አገር ሲመለሱ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረግ ፍተሻ በሌላ ደንብ የሚመራ ስለሆነ በዚህ አይጽናኑ።

የአነስተኛ ሱቅ ባለቤት የሆኑ እናት፣ ፖሊስ መኪናቸውን ለማየት ሲጠይቃቸው «እሺ» እንዳሉ፣ ምንም እንዳልተገኘ ጠቅሰው፣ አሳማኝ ምክንያት ነበረው ወይ ይላሉ።

«እሺ» ካሉ በኋላ፣ እትዬ፣ ያ ጥያቄ ቦታ የለውም። ፈቃድ ማዘዣንም አሳማኝ ምክንያትንም ይተካል። ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ፖሊሱ ምክንያት ገጽ ሙሉ ይተነትኑና በመጨረሻው መስመር «መቼም የሚደበቅ ነገር ስለሌለኝ ፈቀድኩ» ይላሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ፈቃዱ በነጻ የተሰጠ መሆን አለበት፣ ይህንንም ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነው ካለ በኋላ፣ ፖሊሱ ግን እምቢ የማለት መብት እንዳለዎት የመንገር ግዴታ የለበትም አለ። ይህ ውሳኔ ለእኔ አይዋጥልኝም። የፖሊስ ጥያቄ ትእዛዝ በሆነበት አገር ያደገ፣ ይሉኝታ የያዘው፣ በእንግሊዝኛ መከራከር የሚከብደው ሰው ሌሊት በመንገድ ዳር በባትሪ መብራት ፊት የሚሰጠው «እሺ» ምኑ ነጻ ነው? ዕድሜ፣ ትምህርትና የቋንቋ ችሎታ ከግምት ይገባሉ ይባላል፤ ይህ የሚባለው ግን ከወራት በኋላ፣ ፖሊሱ «ራሷን ነቀነቀችልኝ» ብሎ ከመሰከረ ወዲህ ነው።

ስለዚህ እጅዎ እየታየ፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «አይ ዱ ናት ኮንሰንት ቱ ኤኒ ሰርች»፣ ማለትም «ለማንኛውም ፍተሻ ፈቃዴን አልሰጥም»፣ ይበሉ፤ ይሸምድዱት። እምቢታው ብቻውን ፖሊሱ የጎደለውን አሳማኝ ምክንያት አይሞላለትም። እምቢ እያሉም ቢፈትሽ በእጅዎ አይከላከሉ፤ ክርክሩ ለፍርድ ቤት ይቆይ። ቤዝመንት የተከራያችሁም ልብ በሉ፤ አከራያችሁ የእናንተን ክፍል ብርበራ በእናንተ ፋንታ መፍቀድ አይችልም።

የማሪዋና ሽታስ?

ሜሪላንድ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሽታው ብቻውን ለማስቆምም ለመፈተሽም አይበቃም።

አንዲት ወጣት ወንድ ፖሊስ ፈትሿት ተቆጥታለች።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ፆታ እንዲኖረው ያዛል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል የለውም። ሴት ፖሊስ እንድትመጣ መጠየቅ ይቻላል፤ ቅሬታ ካለ ደግሞ ጠበቃ ያማክሩ።

በመኪና ወንበር ላይ በታየ አንድ እስር ጫት የታሰሩ ሰው «ቅጠል ነው፤ ባህላችን ነው» ይላሉ።

ተክሉ በስሙ በፌዴራሉ የተከለከሉ ዕጾች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን ከ1993 ጀምሮ በጥብቁ ምድብ ውስጥ ነው። ፖሊሱ ከውጭ በመስታወት አይቶ ጫት መሆኑን ካወቀ አሳማኝ ምክንያት አግኝቷል፤ መኪና ደግሞ ከ1925 ጀምሮ በዚህ ምክንያት ያለ ማዘዣ ይፈተሻል። የሚቀረው ክርክር ቅጠሉን በእርግጥ ለይቶት ነበር ወይ የሚለው ነው።

አሁን የምለውን በጥሞና ይስሙኝ። ዜጋ ካልሆኑ፣ ግሪን ካርድ ቢኖርዎትም፣ ዐቃቤ ሕጉ ቅጣቱን ቢያቀልልዎትም፣ የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ሳያማክሩ ጥፋተኛ ነኝ እንዳይሉ። በዕጽ መቀጣት ከአገር ሊያስባርር ይችላል፤ ለግል ጥቅም የተያዘ እስከ 30 ግራም ማሪዋና በሚል ለአንድ ጊዜ የተተወው ልዩ ሁኔታ ጫትን አይጨምርም። የወንጀል ጠበቃዎ፣ መንግሥት የመደበልዎት ቢሆን እንኳ፣ ስለዚህ አደጋ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት በ2010 ተወስኗል፤ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት፣ ከቀጠሮው በፊት።