ለደሴዋ እህት፦ ሴንሰሩን ግዢ፣ ግን ውዱን አይደለም

አብሽሪ እህቴ። 300 ጫጩት ደሴ ላይ አስገብተሽ ሌሊት ሌሊት እየሞቱብሽ ነው። አንድ ነጋዴ ደግሞ በስልክ የሚነበብ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ልሽጥልሽ ብሎሻል። «ልግዛው ወይስ ብሩን ለመኖ ላድርገው? ለሁለቱ ላሞቼስ ይጠቅማል?» ነው ጥያቄሽ። በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ዶሮ የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው። እዚያ ጫጩት ማሳደግ ብዙም አላስቸገረኝም። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህን ልብ አላልኩትም። በለመድኩት አያያዝ 200 ጫጩት አስገባሁ። ወሩ ኅዳር ነበር። በዘጠኝ ቀን 41 ሞቱብኝ። ጠዋት ጥግ ላይ ተደራርበው ሳገኛቸው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ብርዱ ነው ብዬ ቤቱን ጠረቀምኩት። መስኮቱን በሸራ፣ ቀዳዳውን በማዳበሪያ ከረጢት ደፈንኩ። ሞቱ ቀነስ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ማስነጠስና የዓይን እብጠት መጣ። ሴንሰር የገዛሁት ያኔ ነው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ነገር ናት። ከስልክ ጋር አትገናኝም። የሌሊቱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ግን ይዛ ታድራለች።

በማግስቱ ጠዋት ያሳየችኝ ቁጥር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ሙቀቱ የፈራሁትን ያህል አልወረደም። እርጥበቱ ግን 88 በመቶ ነው! የሚፈለገው ከ50 እስከ 70 ነው። ቀና ስል ቆርቆሮው በላብ ተሞልቶ ጉዝጓዙ ላይ ያንጠባጥባል።

ውሃው ከየት መጣ እንዳትዪ። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 200 ሚሊ ሊትር ያህል ትጠጣለች። ያንቺዎቹ ሲያድጉ በቀን 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። አብዛኛው በትንፋሽና በኩስ ተመልሶ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ያን ሁሉ እንፋሎት መሸከም ያቅተዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ከኩሱ አሞኒያ የሚባል ሽታው የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ዓይንና የመተንፈሻ ቧንቧ ይጎዳል፤ ያኔ ፈንግልም ሆነ ሌላ የመተንፈሻ በሽታ በቀላሉ ይገባል። የእኔን ጫጩቶች መጀመሪያ ብርዱ ጎዳቸው። ቀጥሎ የጎዳቸው የእኔ መጠርቀም ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አልጠየቀኝም። ሸራውን ከላይ ማሰር ትቼ ከታች አሰርኩት። አሁን ሲከፈት ከላይ በኩል ነው የሚከፈተው። እርጥቡ ሙቅ አየር በጣሪያው ሥር ይወጣል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጫጩቶቹ ጀርባ ላይ አያርፍም። እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጥቼ ደረቅ ሰጋቱራ አለበስኩት። በሳምንት ውስጥ የሌሊቱ እርጥበት ወደ 70 ወረደ።

ስለዚህ ግዢ፣ ግን እንደኔ ርካሿን አስቀድሚ። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርገሽ እንዳትሰቅያት። ጫጩት የሚኖረው መሬት ላይ ነው። ከጉዝጓዙ አራት ጣት ከፍ አድርጊ፤ ከእሳቱ፣ ከበሩና ከፀሐይ አርቂያት። በመጀመሪያው ሳምንት ከሙቀት ምንጩ አጠገብ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነስሽ እስከ 21 ድረስ ውረጂ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ጫጩቶቹ ከተከማቹ ግን ጫጩቶቹን እመኚ።

ርካሽ ሴንሰር ይዋሻልና ፈትሺያት። ማንኪያ የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ ለውሺ፤ እንደ ወፍራም ሊጥ ይሁን እንጂ አይሟሟ። በጠርሙስ ክዳን አድርገሽ ከሴንሰሯ ጋር ጥብቅ በሆነ ዕቃ ውስጥ ዝጊና አሳድሪ። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለባት። የእኔ 80 አለች፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አምስት እቀንሳለሁ። አቧራውንም በየሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊላት።

የስልኩን ዓይነት በኋላ ገዝቻለሁ። ሌሊት መልእክት ሲልክልኝ ተነስቼ ያዳንኳቸው አሉ፤ ጥቅሙን አልክድም። ግን መጀመሪያ የገዛሁት የስልክ ዓይነት ባትሪ አልነበረውም። መብራት ሲጠፋ የማሞቂያው አምፖልና ሴንሰሩ አብረው ጠፉ። ሻጩም ይህን አልነገረኝም። ነጋዴሽን ጠይቂው፦ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? መልእክቱን የሚልከው በሲም ካርድ ነው ወይስ በዋይፋይ? አሞኒያም ይለካል ካለሽ አትቸኩዪ። ርካሾቹ የአሞኒያ መለኪያዎች በእርጥበት ይሳሳታሉ። ያንቺም አፍንጫ ሽታውን ይለምደዋል። ቤቱ ውስጥ የማይውል ሰው ጠዋት ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ያሽትልሽ። ዓይኑን ካቃጠለው አሞኒያው ከልኩ አልፏል፤ አየር ጨምሪ።

አንድ ነገር አደራ። በከሰል የምታሞቂ ከሆነ ይህ ሴንሰር የከሰሉን መርዝ አያይም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ይወጣል። ቤቱን ዘግተሽ፣ ጫጩት እጠብቃለሁ ብለሽ እዚያ እንዳትተኚ።

ለላሞቹ አሁን አትግዢ። እንደ ቆቦ ወይም ባቲ ሞቃት ቦታ ብትሆኚ ዲቃላ ላም በሙቀት ወተት ትቀንሳለችና ሌላ ምክር እሰጥሽ ነበር። ደሴ ላይ በረቱ ደረቅና አየር የሚገባበት ይሁን።

ነገ ጠዋት ቆርቆሮውን ከውስጥ በእጅሽ ዳሺው። እርጥብ ከሆነ የሸራውን አስተሳሰር ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፤ የትኛውን ጎን ብትከፍቺ እንደሚሻል አይቼ እነግርሻለሁ።