ታይኮ ክሬተር፦ ዛሬ ማታ ጨረቃ ላይ ጎልቶ ስለሚታየው ጠባሳ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ከኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል ጨረቃም ሙሉ ናት። ታይኮ በጨረቃ ደቡብ በኩል ያለ፣ ከጠፈር የመጣ አለት መትቶ የፈጠረው ጉድጓድ ነው። ስፋቱ 85 ኪሎሜትር፣ ጥልቀቱ 4.8 ኪሎሜትር ገደማ። ያልገባችሁን ሁሉ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የቱ ጋ ነው? ለኔ ሁሉም ነጭ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነጭ መስመሮች ከአንድ ቦታ ተነስተው በየአቅጣጫው ሲሄዱ ታያለህ፣ መነሻቸው ታይኮ ነው። ፎቶና ካርታ ላይ ከታች ነው የሚያሳዩት፣ እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ጨረቃ ጎኗን ይዛ ነው የምትወጣው። ስለዚ በምስራቅ ስትወጣ በቀኝ በኩል ፈልገው፣ ንጋት ላይ ልትጠልቅ ስትል ደሞ በግራ ታገኘዋለህ። ብዙ ሰው ከታች ፈልጎ አጥቶት ነው የሚተወው፣ ያሳዝናል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ መስመሮቹስ ምንድናቸው?

መልስ፦ አለቱ ሲመታ የተረጨው ድንጋይና አቧራ ነው፣ አየር የለም ስበቱም ትንሽ ነው ስለዚ የሚያቆመው ነገር ሳያገኝ አንዳንዱ 1,500 ኪሎሜትር ርቆ ወድቋል። አዲስ የወጣ ድንጋይ ያበራል፣ ከጊዜ ብዛት የፀሐይ ነፋስ (ከፀሐይ የሚወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች) እና ጥቃቅን የጠፈር አቧራ እየመታው ይጠቁራል። ታይኮ ገና ወጣት ስለሆነ ነው እስካሁን የሚያበራው። በጣም የምወደው ነገር ደሞ በምዕራብ በኩል መስመር የሌለበት ክፍት ቦታ አለ፣ አለቱ ከዛ አቅጣጫ ጋደል ብሎ እንደመጣ የምናውቀው በሱ ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ፣ ያው እኔ)፦ ጋደል ብሎ ከመጣ ለምን ክብ ሆነ?

መልስ፦ ጉድጓዱን የሚቆፍረው የአለቱ ቅርፅ ሳይሆን ፍንዳታው ነው። ፍንዳታ በሁሉም በኩል እኩል ስለሚገፋ ክብ ይሆናል፣ በጣም ተኝቶ ካልመጣ በስተቀር።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ መሃሉ ላይ ተራራ አለ ሲባል ሰማሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተራራ?

መልስ፦ አዎ እህቴ አለ፣ ከወለሉ ወደ 2 ኪሎሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። እንደዚ አይነት ምት ሲመጣ ወለሉ መጀመሪያ ወደ ታች ይረገጣል ከዛ ተመልሶ ይነሳል፣ ለትንሽ ጊዜ አለቱ እንደ ፈሳሽ ነው የሚሆነው፣ መሃል ላይ ተነስቶ እዛው ይቀራል፣ ይሄ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ጠርዙ ደሞ ራሱን መሸከም አቅቶት እየተናደ እንደ ኮንሶ እርከን ደረጃ ደረጃ ሰርቷል። ወለሉን የሞላው ቀልጦ የደረቀ ድንጋይ ነው። በ2011 በጨረቃ ዙሪያ የምትዞር የናሳ መንኮራኩር ከተራራው ጫፍ ላይ ወደ 120 ሜትር የሚሰፋ ትልቅ ቋጥኝ ፎቶ አንስታለች።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ የቢሾፍቱ ሐይቆችም ክብ ናቸው፣ እነሱም እንደዚ ነው የተፈጠሩት?

መልስ፦ አይደለም። እነ ሆራና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ስራ ናቸው፣ ከስር የመጣ ትኩስ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ፈንድቶ ነው። ዝቋላም እሳተ ገሞራ ነው። ሰዎች ለረጅም ዘመን የጨረቃንም ጉድጓዶች እንደዛ ያስቡ ነበር።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ወጣት ነው ያልከው ስንት ዓመቱ ነው? ሰው ሄዶበታል?

መልስ፦ 108 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን ማለት ነው፣ ለጨረቃ ግን ይሄ ቅርብ ነው። ሰው አልሄደበትም፣ ሰርቬየር 7 የምትባል ሰው አልባ መንኮራኩር ግን በጥር 1968 (በፈረንጆቹ) ከሰሜናዊ ጠርዙ ውጪ አርፋለች። ዕድሜው የተገመተው ሰዎችን ጨረቃ ላይ ካሳረፈው የአፖሎ 17 ጉዞ በመጣ ናሙና ነው፣ ጠፈርተኞቹ ከታይኮ ከ2,000 ኪሎሜትር በላይ ርቀው ነው ያረፉት፣ ከታይኮ የተረጨ ድንጋይ እዛ ያለ ተራራ መትቶ ናዳ እንዳስነሳ ይታመናል።

ጥያቄ (መምህር፣ ሱሉልታ)፦ ለተማሪዎቼ ባሳያቸው መቼ ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ለመስመሮቹ ሙሉ ጨረቃን ይጠብቁ፣ ለጥልቀቱ ግን እየሞላች ስትሄድ ግማሽ ከሆነች አንድ ሁለት ቀን በኋላ ያሳዩዋቸው። ያኔ ፀሐይ ታይኮ ላይ ገና እየወጣች ስለሆነ ጥላው ይረዝማል። 10 በ50 የሆነ (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር የሚሰፋ) ባይኖኩላር ጉድጓዱን ያሳያል፣ የመሃሉን ተራራ ለማየት ግን ትንሽ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ክረምቱ ደመና ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ያድርጉት፣ ሱሉልታ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ልጆቹ ጋቢ ይዘው ይምጡ።