«አማቴ ስለ አያቷ ስንጠይቃት የታጠበ ሲኒ ታጥባለች»

ጥያቄ፦ የምኖረው አውስትራሊያ፣ ሲድኒ፣ ብላክታውን ነው። ባለቤቴ እዚሁ የተወለደ ነጭ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ከትምህርት ቤት «የቤተሰባችሁን የዘር ሐረግ ስላችሁ ኑ» ተባለች። ባለቤቴ በዚያው ሰበብ የድሮ መዝገቦችን ማገላበጥ ጀመረ። በእናቱ በኩል አምስት ትውልድ ወደ ኋላ ሲቆጥር አንዲት አቦርጂናል (ከአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነች) ሴት አገኘ። ባሏ ደግሞ ከእንግሊዝ በግዞት የመጣ እስረኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አይተኛም። አማቴ አያቷ ስፔናዊት እንደነበረች ነው ስትነግረን የኖረችው። ወረቀቱን ፊቷ ሲዘረጋላት ተነሥታ የታጠበውን ሲኒ ደግማ ማጠብ ጀመረች። ይኸው ሦስት ወር፣ አትደውልም። አፍራ ነው መሰለኝ። ከማን ጋር ልቁም? አዲስ አበባ ላለችው እናቴስ ምን ልበላት? ስንጋባ «ከደህና ቤተሰብ ነው» ብያታለሁ። ታናሽ እህትሽ።

መልስ፦ ታናሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁሌ የሚያቆመኝ ያ ሲኒ ነው። አማትሽ አፍራ ይሆናል። እኔ ግን ከኀፍረቱ ይልቅ ፍርሃት ነው የታየኝ። እንዲህ በድንገት ለእጃቸው ሥራ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። አብዛኞቹ የፈሩ ሰዎች ነበሩ።

የምን ፍርሃት? የሰፈርሽ ስም ራሱ ይነግርሻል። በ1823 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) መንግሥት የአቦርጂናል ልጆችን የሚያስተምርበትን ተቋም ከፓራማታ ወደዚያ አዛወረው። ብላክታውን፣ «የጥቁሮች ከተማ»፣ የተባለው በዚያ የተነሣ ነው። በተቋሙ ከተማሩት ልጆች አንዷ ማሪያ ሎክ ናት፤ የዳሩግ ሕዝብ ልጅ። በ1819 በተሰጠ ፈተና ወደ መቶ የሚጠጉ የነጭ ልጆችን በልጣ አንደኛ ወጣች። በ1824 ሮበርት ሎክ የሚባል አናጢ አገባች፤ ግዞተኛ ነበር። በአቦርጂናል ሴትና በግዞተኛ መካከል መንግሥት የፈቀደው የመጀመሪያው ጋብቻ የእነሱ ነው። ያኔ ግዞተኛ ለአሠሪ ይመደብ ነበር። ሮበርት የተመደበው ለገዛ ሚስቱ ነው። በ1831 ማሪያ ለሟች ወንድሟ የተሰጠው መሬት ለእኔ ይገባል ብላ ለአገረ ገዥው አመለከተች። መሬቱ እጇ የገባው በ1843 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀች። ከእሷ በኋላ ልጆቿ ወረሱት፤ በ1920 ገደማ ግን ባለሥልጣናት ነጠቋቸው።

አየሽ? በሕግ ተጋብተው፣ ፊደል ቆጥረው፣ ወረቀት ይዘው እንኳ አላመለጡም። በዚያው ክፍለ ግዛት በ1883 «የአቦርጂናል ጥበቃ ቦርድ» ተቋቋመ። በ1909 ሥልጣኑ ሕግ ሆነ። ከ1915 ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይጠይቅ ልጅን ከእናቱ መውሰድ ቻለ። የአማትሽ አያት ልጅ ወይም ወጣት የነበረችው ያኔ ነው። ቆዳው ትንሽ የፈካለት ቤተሰብ «ስፔናዊ ነን»፣ «ማኦሪ (የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ) ነን» እያለ ይኖር ነበር። የሰው አፍ ፈርቶ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ማታ እቤታቸው እንዲያድሩ ነው። አማትሽ የወረሰችው ውሸት ድሮ የቤቱ ጣሪያ ነበር። ባለቤትሽ አንድ ከሰዓት መጥቶ ጣሪያውን ሲያነሣው፣ እሷ የሚታያት እውነት ሳይሆን ሜዳ ላይ መቅረት ነው።

የግዞተኛው ነገር ይለያል። ከ1788 እስከ 1868 ድረስ ወደ 160 ሺህ ሰው ከብሪታንያና ከአየርላንድ በመርከብ ተጭኖ ወደዚያ አገር ተልኳል። ብዙዎቹ ጥፋታቸው ስርቆት ነው፤ ልብስ፣ በግ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ልጆቻቸው ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ደበቁት። ዛሬ ግን ብዙ አውስትራሊያዊ የግዞተኛ ዘር መሆኑን በኩራት ያወራል። ስለዚህ ባለቤትሽ ወሬውን በዚህ በር ይጀምር። ከሁለቱ የሚቀለው እሱ ነው።

ወረቀቱን ግን ይተወው። አሁን እናቱ ፊት የቆመው እንደ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ልጅ ሆኖ ይሂድ። «አያትሽ ምን ታበስል ነበር? ስትተኙ ምን ትዘፍንላችሁ ነበር?» ይበላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማስረጃ አይፈልግም። ዝም ካለች ዝም ይበል።

እሱ የማይተኛው እናቱ ስለዋሸችው ብቻ አይመስለኝም። ቅድመ አያቱ በሰንሰለት የመጣ ምስኪን ነው፤ የተበደለ። ያው ሰው ደግሞ ከሌሎች የተነጠቀ መሬት ላይ ጎጆ የቀለሰ ነው። ብዙ አቦርጂናል ሴቶች በዚያ ዘመን በጉልበት ተወስደዋል። የእነዚህ ሁለቱ ቤት እንደ ማሪያና ሮበርት ይሁን አይሁን መዝገቡ ላይነግረው ይችላል። ተበዳይም በዳይም የሆነ አያት ሌሊት ሌሊት ይከብዳል። ይህን ላንቺ ጮክ ብሎ ይናገረው፤ አንቺ አትፍረጂ። እንቅልፉ ካልተመለሰ የቤተሰብ ሐኪማችሁ ወደ ባለሙያ ይላከው።

አንድ ነገር ደግሞ። ወረቀት ስላገኘ ብቻ ነገ ተነሥቶ «አቦርጂናል ነኝ» አይበል። እዚያ አገር፣ ከዘሩ መወለድ ብቻውን አይበቃም፤ ራስን እንዲያ ብሎ ማወቅ፣ ማኅበረሰቡም «የእኛ ነህ» ማለቱ ይጠየቃል። ቀስ ብሎ ይቅረብ፣ ያዳምጥ። ታላላቆቻቸውን «አንቲ»፣ «አንክል» ነው የሚሏቸው፤ እኛ «እትዬ»፣ «ጋሼ» እንደምንለው። ካንቤራ ያለው የነባር ሕዝቦች ጥናት ተቋም የቤተሰብ ታሪክ ለሚፈልጉ ያግዛል።

ወዳንቺ ልምጣ። ከማን ጋር ልቁም አልሽ። ከማንም ጋር አትቁሚ፤ መልእክት አመላላሽም አትሁኚ። ግን እህቴ፣ «ከደህና ቤተሰብ ነው» ያልሽው አንቺም አንድ ሲኒ እያጠብሽ ነው። አውቀዋለሁ፣ በኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዘመድ እንዳይጋባ ነው ይባላል። እግረ መንገዱን «ባሪያ»፣ «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» የሚሉ ቃላት ስንቱን ሰው አያቱን አስክደውታል። ለእናትሽ ረጅም ታሪክ አያስፈልጋትም። «እማዬ፣ የልጆቼ አባት ዘር ከዚያ አገር የጥንት ባለቤቶች ነው፤ ብዙ ግፍ ደርሶባቸዋል» በያት። ግዞተኛውንም ንገሪያት። ትደነግጥ ይሆናል። ከዚያ ስለ ልጆቹ ትጠይቅሻለች።

የልጅቷ ስዕል ላይ የሴትየዋ ቅርንጫፍ ይኑር። ስሟ ካልታወቀ ቦታው ባዶ ይቆይ እንጂ አይሰረዝ። ለአማትሽ ደግሞ ዛሬ አንቺ ደውዪ። ስለ መዝገቡ አታንሺ። «ልጆቹ ናፍቀውሻል፣ እሑድ ነይ» በያት። ከመጣች ሲኒዎቹን አብራችሁ እጠቡ።