ለቀጥታ ቀረጻ የባህል ቡድን ማዘጋጀት፦ መሃሉን ተዉት፣ መጨረሻውን አለማምዱ

ሰላም ወንድሜ። «የባህል ቡድናችን ነሐሴ ላይ አዳራሽ ውስጥ በቀጥታ ሊቀረጽ ነው፤ አብዛኞቹ ስቱዲዮ ገብተው አያውቁም፤ ከአሁኑ በክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማ የምት መቁጠሪያ) ላለማምዳቸው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ተቀባዮች ከሆናችሁ ክሊኩን ተወው። ችክችካ እየሞቀ ሲሄድ ትንሽ መፍጠኑ ያለ ነው። ክሊክ ጆሮው ላይ የገባበት ከበሮ መቺ ደግሞ ጓደኞቹን መስማት ያቆማል። ከዘፈኑ በፊት በስልክህ ሜትሮኖም (ምት መቁጠሪያ) የሚነሱበትን ፍጥነት አሰማቸውና አጥፋው፤ በኋላ ሁለት ቅጂ ለማጋጠም ያ ይበቃል።

እኔ ቀረጻ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሚክሰሩ ጀርባ ነው የምቀመጠው። ቡድኖች መሃሉ ላይ ሲቸገሩ አላይም፤ መሃሉን በየሠርጉ አብስለውታል። ችግሩ መጨረሻው ነው። ሠርግ ቤት ዘፈን የሚያልቀው ጨፋሪው ሲደክም ወይም ሽልማቱ ሲነጥፍ ነዋ! ቀረጻ ላይ ግን አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፣ ጥሩ የነበረው ቅጂም እዚያው ይበላሻል። ስለዚህ ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ምረጡ፤ ከምልክቱ በኋላ ስንት ዙር አዝማች ተብሎ እንደሚቆም ለእያንዳንዱ ዘፈን ተስማሙ። ካቆማችሁ በኋላ ድምፁ አዳራሹ ውስጥ እስኪጠፋ ማንም አይንቀሳቀስ፣ አይሳል፣ መሣሪያ አያስቀምጥ። መሃል ላይ «አበጀህ!» ማለት ቀረጻውን ያሞቀዋል፣ አትከልክላቸው። መጨረሻው ላይ ከገባ ግን ማውጫ የለውም። ልምምዱን በስልክ ቅዳና አብራችሁ ስሙት፤ አንተ ከምትናገረው ይልቅ ያ ያሳምናቸዋል።

ቅኝቱ ላይ ጊዜ አጥፋ። ዋሽንት እንደ ክራር አይቃኝም፤ ከዚያም በላይ እየተነፋ ሲሞቅ ድምፁ ከፍ ይላል። መጀመሪያ ዋሽንቱ ጥቂት ደቂቃ ይነፋ፣ ከዚያ ክራሩ በእሱ ይቃኝ፣ ማሲንቆው ይከተል። አንድን ዘፈን በደገማችሁ ቁጥር ይህንኑ አረጋግጡ፤ ክራሩ ትንሽ ወርዶ ከሆነ የመጀመሪያውን ቅጂ ግማሽ ከሁለተኛው ጋር ማጋጠም አይቻልም። የዘፈኖቹንም ቅደም ተከተል በቅኝት አድርገው፦ የትዝታዎቹን ጨርሳችሁ ወደ ባቲ፣ ከዚያ አምባሰል። ክራሩ በየዘፈኑ እንደ አዲስ ሲቃኝ ሰዓቱም ይሄዳል፣ ክሩም አይረጋም። የነሐሴ እርጥበት ደግሞ የማሲንቆና የከበሮ ቆዳ ያላላል፤ መሣሪያዎቹ ቀድመው ገብተው አዳራሹን ይልመዱ።

ልምምዱን በቀረጻው ቀን በምትቀመጡበት አቀማመጥ አድርጉት፤ ግማሽ ክብ ሠርታችሁ፣ ያለ ሞኒተር (ለተጫዋቾቹ ራሳቸውን ከሚያሰማ ስፒከር)፣ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ። ከበሮው ሁሉም ማይክ ውስጥ ስለሚገባ ወደ ኋላ ይራቅ። እየመታ የሚዘፍን ማሲንቆ ተጫዋች ካላችሁ አንገቱን ወዲያ ወዲህ ማዞሩን ይቀንስ፤ ድምፁ ከማይኩ ሲርቅ ማሲንቆው ይውጠዋል። ማይኩን ራሳቸው እንዳይነኩት ንገራቸው። ሳውንድ ቼክ (ከቀረጻው በፊት ያለው የድምፅ ፍተሻ) ላይ ደግሞ ሁሉም ጉልበቱን ይቆጥባል፣ ቀረጻው ሲጀመር ይጮኻል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፍተሻው ላይ የዘፈኑን በጣም የሚሞቀውን ክፍል እንዲጫወቱ አድርግ። ባለ 24 ቢት ቀረጻ (ዝቅ ብሎ የተቀዳው በኋላ ሳይበላሽ ከፍ የሚደረግበት) ከሆነ ሳውንድ ማኑ ከፍተኛውን ድምፅ በመለኪያው ላይ ከ-12 ዴሲቤል ባያሳልፍ ምንም አይጎድልበትም፤ «ከፍ አድርገው» እያላችሁ አታስጨንቁት።

አንድ ጊዜ በሙሉ ልብስ ተለማመዱ። የሚንኳኳ አምባርና የአንገት ጌጥ ያኔ ይለያል።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ቀረጻውን ጠዋት አድርጉት። አዲስ አበባ ላይ የክረምቱ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ የሚያስቆመው መሣሪያ የለም። ጄኔሬተሩም ከግድግዳው ርቆ ይቁም። ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ ባዶው አዳራሽ ለአንድ ደቂቃ ይቀረጽ፤ የተቆረጠ ቦታ መሸፈኛ ነው።

ክፍያውን ከቀረጻው ቀን በፊት ጨርሰው። ሂሳብ ልቡ ላይ ያለ ሰው ጣቱ አይታዘዝለትም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኙም (የሚጫወተውና የሚዘፍነው ሰው) በክዋኔው ላይ መብት አለው፤ ስለዚህ ቀረጻው የት እንደሚውልና ለማን ምን እንደሚከፈል በወረቀት አስፍራችሁ፣ ተቀባዮቹም ጭምር ይፈርሙ።