ወንዙ የት ድረስ እንደመጣ ማን ያውቃል?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንገድና በድልድይ ሥራ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሥራ ለጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶች ነው። ግን አገር ቤት አያት ያላችሁ ሁሉ አንብቡት፣ እናንተንም ይመለከታል።

ወጣት ሳለሁ አንድ የገጠር ወንዝ ላይ ለሚሠራ ድልድይ ቅየሳ ሄድን። ወሩ ጥር ነበር፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ከብቶቻቸውን የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩን ቆዩና ቀረብ አሉ። «ልጄ፣ ይህ ወንዝ ድሮ በዚያ በኩል ነበር የሚሄደው። ክረምት ሲበረታ ወደ ጥንት መንገዱ ይመለሳል» አሉኝ። ያሳዩኝ ራቅ ያለ የጤፍ ማሳ ነው። «እሺ አባቴ» አልኳቸው። ማስታወሻዬ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

ድልድዩ ተሠራ። በሦስተኛው ክረምት ደራሽ ውሃ መጣ። ድልድዩ ራሱ ንቅንቅ አላለም። ውሃው ግን በዚያ ማሳ በኩል ዞረና መንገዱን ከድልድዩ ጋር የሚያገናኘውን የአፈር ሙሌት ጠራርጎ ወሰደው። ድልድዩ ብቻውን ሜዳ ላይ ቀረ። የማዶ ሰዎች እስከ መስከረም ገበያ መውጣት አልቻሉም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጎርፍ ብዙ ጊዜ ድልድይን የሚጥለው ገፍቶ አይደለም። ከሥር የእግሩን መሠረት ይቦረቡራል። ወይም ግንድና ቅርንጫፍ አምጥቶ መተላለፊያውን ይዘጋና በጎን ይዞራል። ስለዚህ መሐንዲስ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ትልቁ ጎርፍ የት ድረስ እንደደረሰ ነው። በብዙ የገጠር ወንዞቻችን ላይ ግን የውሃ መለኪያ ጣቢያ የለም። የሰማንያ ዓመት ሰው ደግሞ ሰማንያ ክረምት አይተዋል።

አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የመጀመሪያ ልጅዎን ሲድሩ ድልድዩ ነበር?» በሉ። «ከብት የወሰደው ክረምት የቱ ነው?» በሉ። «እዚህ ድረስ መጣ» ሲሏችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ ዛፉን ወይም ድንጋዩን በእጃቸው ያሳዩአችሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ለብቻው ጠይቁ። ሁለቱም አንድ ድንጋይ ካሳዩ ሜትራችሁን አውጡ።

ስለ ጥንት ድልድዮቻችንም እንዲሁ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እንደተሠራ በዘመኑ አገራችን የነበረው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጽፏል። የኖራው ድንጋይ እዚያው አቅራቢያ ተገኘ፣ ሥራውንም ከህንድ የመጣ ባለሙያ መራው ይላል። የአገሬው ሰው ብዙ ጊዜ የድሮ ድንጋይ ድልድይ ሁሉ የፋሲል ነው ይላል። ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። እኔን የሚደንቀኝ ግን የቦታው ምርጫ ነው። ዓባይ በዓለት መካከል የሚጠብበትን ስፍራ ፈልገው ነው ቅስቱን ያቆሙት። ቅስት ክብደቱን ወደ ጎን ስለሚገፋ የሚደገፍበት ጽኑ ነገር ይፈልጋል። አፈር ላይ ቢያርፍ ኖሮ ዛሬ አናየውም ነበር።

ስም ሲሳሳት ደግሞ ሰው ይጎዳል። ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን ድልድይ «የፖርቱጋል ድልድይ» እንለዋለን። ያሠሩት ግን የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። የኖራው ጭቃ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ጋር ተቦካ ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ወሬው ጣፋጭ ነው፣ አቆዩት። ግን ድንጋዩን የጠረቡት የፖርቱጋል ሰዎች ናቸው ብለን ስናልፍ የራሳችንን ግንበኞች ድካም እንቀማለን።

ስሙ ራሱ ታሪክ የሚነግረን ደግሞ ሰባራ ድልድይ ነው። ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ የነበረው ይህ የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መሃሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው የተሻገረው በገመድ ነው። በዚህና በማዶ ወንዶች ገመዱን ይዘው ተሻጋሪውን ይጎትታሉ፣ ከታች ዓባይ ይጮኻል። ስንት ሙሽራ፣ ስንት በሽተኛ በዚያ ገመድ አለፈ? እ.ኤ.አ. በ2001 ኬኔት ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን መሻገሪያ ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ ገንዘብ አሰባሰበ፣ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንንም ጎርፍ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በገመድ የተሻገሩት እናቶችና ገመዱን የጎተቱት አባቶች አሁን አርጅተዋል። እጃቸው ላይ ገመዱ ምን እንዳደረገ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ነገር በጥብቅ ልለምናችሁ። የድሮ ድልድይ ስንጥቅ ስታዩ ሲሚንቶ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል፣ ድንጋዩም ይፈረፈራል። በስንጥቁ ውስጥ የበቀለውን ዛፍ ግን ገና ቀጭን ሳለ ንቀሉት።

ለእንቁጣጣሽ አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ ጊዜው ደግ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ጥሎት የሄደው ሣርና ጭራሮ ቅርንጫፍ ላይ ገና እንደተንጠለጠለ ይሆናል። አንድ ሰው አጠገቡ አቁማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ቤት ገብታችሁ ቡና እስኪፈላ አያቶቻችሁን ጠይቁ።

እኔ የዚያን ሽማግሌ ስም እንኳ አልጠየቅኩም። እናንተ ጠይቁ፣ ከነገሯችሁ ጎን ጻፉት።